ኮምቢ ሚስ ሲያደርግ፦ ካርቡራተሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚታየው

ኮምቢው (የቮልስዋገን ሚኒባሱ) ሚስ አድርጎበት፣ ማለትም አንዱ ሲሊንደር እየዘለለ ሞተሩ ተንተፋትፎበት፣ ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ካርቡራተሩን እይልኝ» ይላል። ብዙ ጊዜም ካርቡራተሩ ከእኔ በፊት ተፈታቷል፤ የብሎኖቹ አናት በካቻቪቴ ተላልጧል፣ ሚኒሞው (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከልኩ ወጥቷል፣ ሞተሩ ግን አሁንም ይንተፋተፋል። ይህን የምጽፈው ጅማና አካባቢዋ ላላችሁ፣ እነዚህን መኪኖች ለምትወዱና በራሳችሁ እጅ ልትነኳቸው ለምትፈልጉ ነው። ቅደም ተከተሉን ከያዛችሁ መለዋወጫ በግምት አትገዙም።

የእኔ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የማይሠራውን ሲሊንደር መለየት፣ ቀጥሎ ቫልቭ፣ ቀጥሎ እሳት፣ ከዚያ ያለቦታው የሚገባ አየር፣ በመጨረሻ ነዳጅና ካርቡራተር። ቫልቩ ሳይስተካከል ታይሚንግ (እሳቱ የሚሰጥበትን ቅጽበት) ብትይዙ፣ ታይሚንጉ ሳይያዝ ካርቡራተር ብታስተካክሉ ሁሉንም እንደገና መሥራታችሁ አይቀርም።

የምጠቅሳቸው ልኮች የ1600ው ሞተር ናቸው፤ ማራገቢያው ከላይ ቆሞ የሚታየው፣ በቮልስም በኮምቢም የምናውቀው ሞተር። እ.ኤ.አ. ከ1972 ሞዴል ጀምሮ አንዳንድ ኮምቢዎች ጠፍጣፋውን ትልቅ ሞተር፣ መጀመሪያ 1700 በኋላም 1800 እና 2000፣ ይዘው ወጥተዋል። የእናንተ እሱ ከሆነ አካሄዱ አንድ ነው፣ ልኮቹን ግን ከራሱ መመሪያ ውሰዱ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሚስ እያደረገ «አጋሮ ልድረስና እመለሳለሁ» አትበሉ። ይህ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚያበርደው የማራገቢያው አየርና ዘይቱ ብቻ ነው። የጭስ ማውጫ ቫልቭ ክፍተቱን ካጣ መቀመጫው ላይ በደንብ አያርፍም፤ ካላረፈ ሙቀቱን ለቴስታታው (ለሲሊንደሮቹ አናት) ማስተላለፍ አይችልም፤ ይቃጠላል፣ ሲብስ አናቱ ተቆርጦ ሲሊንደሩ ውስጥ ይወድቃል። ያኔ ፒስተኑም ቴስታታውም አብረው ይሄዳሉ። ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ሞተሩ የሚሰጠው ምልክት ያ ትንሽ መንተፋተፍ ሊሆን ይችላል።

ከመፍታት በፊት መጠየቅ

መሣሪያ ከማንሳቴ በፊት የምጠይቀው ጥያቄ «መቼ ነው የሚብሰው?» የሚል ነው። አንድ ሃጂ ኮምቢያቸውን ይዘው መጥተው ነበር፤ ወደ አሰንዳቦ እየተመላለሱ የሚሠሩ ሰው ናቸው።

«ሃጂ፣ መቼ ነው የሚጀምረው?» አልኳቸው።

«ጠዋት ደህና ነው ልጄ። ሰርቦን ሳልፍ ይጀምረዋል። ቆሜ ሻይ ጠጥቼ ስነሳ ይተወዋል» አሉኝ።

ከዚህ የበለጠ ምን እፈልጋለሁ? ቀዝቃዛ ሲሆን ጤነኛ፣ ሲግል የሚታመም፣ ሲያርፍ የሚድን ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሳቱን የሚያመነጨው ኮይልና አብሮት የሚሠራው ኮንደንሰር ነው። የሃጂ ኮይል ነበር። ካርቡራተሩን ግን ከእኔ በፊት ያየው ሰው ሁለት ጊዜ አስፈትቷቸዋል።

ሌሎቹም እንዲሁ ይለያያሉ። ጠዋት ጭጋግ ባለበት ሰዓት ብቻ ሚስ አድርጎ ሲሞቅ የሚተው ከሆነ፣ እርጥበት የያዘው የዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው) ክዳን ወይም የካንዴላ ገመድ ነው። ሚኒሞ ላይ ብቻ ተንቀጥቅጦ መንገድ ላይ የሚስተካከል ከሆነ ያለቦታው የሚገባ አየር፣ የተደፈነ የሚኒሞ ጄት (ነዳጁ ተለክቶ የሚያልፍባት ቀዳዳ) ወይም የጠበቀ ቫልቭ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ኮንታክት ፖይንቱን (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተ እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳውን)፣ ኮንደንሰሩን፣ ከዚያም የነዳጁን መጠን ተመልከቱ። ፔዳሉን ድንገት ስትረግጡ አንድ ጊዜ ብቻ ተደናቅፎ የሚሄድ ከሆነ ግን ሚስ ላይሆን ይችላል። ቁጥሩ በ009 የሚያልቅ የቦሽ ዲስትሪቢዩተር ከሶሌክስ 34 ፒክት 3 ካርቡራተር ጋር ሲጋባ ይህን መደናቀፍ ብዙ ጊዜ ያሳያል፤ 009 በሞተሩ የአየር መሳብ የሚሠራ ማስቀደሚያ (ቫኩም) ስለሌለው ፔዳል በተረገጠበት ቅጽበት ታይሚንጉን አያስቀድምም።

የትኛው ሲሊንደር ነው?

ከኋላ ኮፈኑን ከፍታችሁ፣ ወደ መኪናው ፊት እያያችሁ ቁሙ። በቀኝ በኩል ወደ ማርሽ ሳጥኑ የቀረበው 1፣ ወደ እናንተ የቀረበው 2 ነው። በግራ በኩል የራቀው 3፣ የቀረበው 4። እሳት የሚያገኙበት ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው፤ ሮተሩም (በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ሥር የሚዞረው) በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። ይህን በወረቀት ጽፋችሁ ኮፈኑ ላይ ለጥፉት። ገመዶቹ ተዘዋውረው የገቡበት ሞተር ስንት ቀን ሲያደክም አይቻለሁ።

የነዳጅ ሽታ አለመኖሩን አረጋግጡ፤ ካለ ሞተሩን አታስነሱ፣ መጀመሪያ የሚያፈሰውን ፈልጉ። ሽታ ከሌለ አስነስታችሁ በሚኒሞ ተዉት። የካንዴላ ገመዶቹን ከዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ላይ አንድ በአንድ እያነሳችሁ መልሱ። እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ፒንሳ ያዙ፣ እርጥብ ጫማ አድርጋችሁ አትንኩ፣ ገመዱም ተነስቶ ረጅም ጊዜ አይቆይ፤ መውጫ ያጣው እሳት ኮይሉን ይጎዳል። ጤነኛ ሲሊንደር ገመዱ ሲነሳ ሞተሩ ወዲያው ይወርዳል፣ ይንቀጠቀጣል። ገመዱ ተነስቶም ድምፁ ካልተለወጠ የማይሠራው እሱ ነው።

ገመድ መንካት የሚፈራ ሰው ውኃ ይጠቀም። ቀዝቃዛ ሞተር አስነስታችሁ ጥቂት ካቆያችሁ በኋላ፣ ከቴስታታው ወደ ማርሚታ በሚወርደው ቱቦ ላይ ጠብታ ውኃ ጣል አድርጉ። የሚሠራው ሲሊንደር ቱቦ ጠብታውን ወዲያው ያተነዋል፤ የማይሠራው ላይ ውኃው ዝም ብሎ ይፈሳል። የ2 እና የ4 ቱቦዎች በቀጥታ ወደ ማርሚታው ስለሚገቡ ይታያሉ። 1 እና 3 ከሥር ተደብቀው በሙቀት መለዋወጫው ስለሚያልፉ ተኝቶ ማየት ይጠይቃል።

አሁን ውጤቱን አንብቡት። ሁልጊዜ አንድ የታወቀ ሲሊንደር ከሆነ ችግሩ ካንዴላው፣ ገመዱ፣ የክዳኑ መውጫ ወይም የራሱ ቫልቭ ነው። በአንድ በኩል ያሉ ሁለቱ ከሆኑ በዚያ በኩል ያለውን የአየር ማስገቢያ ላስቲክ ጠርጥሩ። ቦታ እየቀያየረ ሁሉንም የሚያዳርስ ከሆነ ደግሞ የጋራቸው የሆነው ነገር ነው፦ ኮይል፣ ኮንታክት ፖይንት፣ ኮንደንሰር፣ ሮተር፣ ነዳጅ። ይህን ልየታ ሳያደርጉ አራት አዲስ ካንዴላ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ካንዴላው የሚናገረው

ሁሉንም ካንዴላዎች አውጡና በሲሊንደራቸው ተራ አስቀምጧቸው። እኔ ባለ ሦስት እግሯን የጅማ በርጩማ ከኋላው አስጠግቼ ነው የምሠራው፤ የኮምቢ ሞተር ዝቅ ያለ ስለሆነ ቆሞ የሚሠራ ሰው ወገቡን ይጎዳል፣ ሲቸኩልም ጥርስ ያበላሻል። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ካንዴላውን በቁልፍ አትጀምሩ፤ ጫፉ ላይ ቁራጭ የነዳጅ ጎማ ቱቦ ሰክታችሁ በጣት እያዞራችሁ አስገቡት። ጥርሱን ከሳተ ቱቦው በጣታችሁ ውስጥ ይንሸራተታል፣ ቴስታታው ይተርፋል።

የጫፉ ቀለም የገብስ ቆሎ ከመሰለ ያ ሲሊንደር ደህና ነው። ደረቅ ጥላሸት ካለው ነዳጅ በዝቷል ወይም እሳቱ ደክሟል። በቤንዚን ከራሰ እሳት አልደረሰውም። በዘይት ከጠቆረ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የቫልቭ መሪው አልቋል። ነጭ ሆኖ ፈንጠር ፈንጠር ያለ ነጥብ ካለው ግን አቁሙ፤ ያ ሲሊንደር እየተቃጠለ ነው።

እዚህ ላይ የጅማን አየር አስቡት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል። ለባሕር ጠረፍ የተለካ ካርቡራተር እዚህ ነዳጁ ለአየሩ ይበዛበታል። አራቱም ካንዴላዎች እኩል ጠቆር ካሉ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። አንዱ ብቻ ጠቁሮ ሦስቱ ከነጡ ግን ከፍታው ጥፋት የለበትም።

ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሁን። ስትገዙ የጥርሱን ርዝመት ለኩ። የዚህ ሞተር ካንዴላ ጥርስ 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ እንደ ኤንጂኬ ቢ5ኤችኤስ ያለው ልኩ ነው። ለሌላ መኪና የተሠራው 19 ሚሊ ሜትሩ ውፍረቱ አንድ ስለሆነ ይገባል፣ ግን ፒስተኑን ሊመታ ይችላል። ገመዱን ስትመልሱ ደግሞ በላሜራው ቀዳዳ ላይ የሚቀመጠውን የጎማ መክደኛ በቦታው አስቀምጡ። ብዙ ሰው የማይረባ ጎማ መስሎት ይጥለዋል፤ በዚያ ቀዳዳ የሚወጣው አየር ሲሊንደሩን ሊያበርድ የመጣ አየር ነው።

የሞተው ሲሊንደር ካንዴላ መልኩ ካላሳመናችሁ ከጎረቤቱ ጋር ቀያይሩት። ጥፋቱ አብሮት ከሄደ ካንዴላው ነው። እዚያው ከቀረ ገመዱን ቀያይሩ። ገመዱም ካልሆነ ወደ ቫልቩ ሂዱ።

ቫልቭ፦ ዝም ያለው ነው የሚያስፈራው

ይህ ሥራ የሚሠራው ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ነው። ማታ አቁማችሁ ጠዋት፣ ሳታስነሱ። ከጥዋት ጉዞ የተመለሰ ሞተር ላይ የተለካ ቫልቭ ውሸት ነው።

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሱ። ማራገቢያውን የሚያዞረውን የዲናሞ ብሎን በ21 ቁልፍ ይዛችሁ ሞተሩን አዙሩ፤ ካንዴላዎቹ ከወጡ በቀላሉ ይዞራል። ሮተሩ በዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ ያለችውን የ1 ቁጥር ጭረት ሲያይና የታችኛው ፑሌ የላይኛው ነጥብ (ፒስተኑ የጉዞውን ጫፍ የሚነካበት) ምልክት ከሞተሩ መጋጠሚያ መስመር ጋር ሲገጥም፣ ሲሊንደር 1 ሁለቱም ቫልቮቹ ተዘግተዋል። ከሥር ገብታችሁ የቀኙን የቫልቭ ክዳን የያዘውን የሽቦ ማሰሪያ በካቻቪቴ ወደ ታች ግፉት፣ ይከፈታል። ዘይት ስለሚወርድ ጣሳ አስቀምጡ።

በእያንዳንዱ ቴስታታ ላይ አራት ቫልቮች አሉ፤ ሁለቱ ዳርና ዳር ያሉት የጭስ ማውጫ፣ መሐል ያሉት ሁለቱ የአየር ማስገቢያ ናቸው። የ0.15 ሚሊ ሜትሩን የፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ) ቅጠል በቫልቩ ጫፍና ቫልቩን በሚገፋው ሮከር ብሎን መካከል አስገቡ። ትንሽ እየተጎተተ ማለፍ አለበት። ካልገባ ጠብቋል፤ በልቅ ከተወዛወዘ ሰፍቷል። የ13ቱን ማሰሪያ ፈታ አድርጋችሁ ብሎኑን በካቻቪቴ አስተካክሉ፤ ማሰሪያውን ስታጠብቁ ብሎኑ አብሮ ስለሚዞር ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ።

ከ1 ቀጥሎ ወደ 2 ለመሄድ ሞተሩን ወደ ኋላ፣ ከሰዓት አቅጣጫ ተቃራኒ፣ ግማሽ ዙር አዙሩት። እሳቱ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ስለሚሄድ ወደ ኋላ ስትመልሱት 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብሎ በተራ ይመጣላችኋል። በየግማሽ ዙሩ ሮተሩ ሩብ ዙር ይሄዳል።

ከማስተካከላችሁ በፊት ያገኛችሁትን ክፍተት ጻፉ። ይህን ጀማሪ ልጆቼ እስኪሰለቹ እነግራቸዋለሁ። ቫልቭ ሰፍቶ ከተገኘ ያንኳኳል፣ ጉልበት ይቀንሳል፣ ግን አይገድልም። ጠብቆ የተገኘ ግን ድምፅ የለውም። ባለመኪናው «ሞተሬ ፀጥ አለ» ብሎ ደስ ይለዋል፤ እኔ የምደነግጠው ያኔ ነው። አንድ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ባለፈው አስተካክላችሁት ዛሬ እንደገና ጠብቆ ካገኛችሁት፣ ደግሞም በሚቀጥለው ከጠበቀ፣ ቫልቩ እየተለጠጠ ወይም መቀመጫው እየሰመጠ ነው። እንዲህ ያለውን ማስተካከል መፍትሔ አይደለም፤ ቴስታታው ይውረድ። በተለይ 3ን ልብ በሉ። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ላሜራ ውስጥ ከ3 በላይ ስለቆመ 3 የሚያገኘው አየር ያነሰና የሞቀ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣውን ከዚያ ያወጣው ያለ ምክንያት አልነበረም።

በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቫልቭ ይለካ። የክዳኑ የቡሽ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አዲስ ይሁን፤ በሙጫ አትለጥፉት፣ በሚቀጥለው ጊዜ መክፈት ሊያቅታችሁ ነው።

እሳት፣ በተለይ በክረምት

ጅማ ላይ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል፤ ዓመቱን አብዛኛውን እርጥበት ነው። የአየር መግቢያዎቹ በመኪናው ጎን ከኋላ ስለሆኑ ማራገቢያው ያንን እርጥበት ወደ ሞተሩ ክፍል ይስበዋል። ስለዚህ ለእኛ አገር ኮምቢ ክዳንና ገመድ የመጀመሪያ ተጠርጣሪዎች ናቸው።

ምርመራው ማታ ይሠራል። ብርሃን በሌለበት ቦታ ሞተሩን አስነሱና ኮፈኑን ክፈቱ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ። ከዚያ በመርጫ ጠርሙስ ውኃ በስሱ፣ እንደ ጭጋግ፣ ገመዶቹና ክዳኑ ላይ ንፉ። የሚያፈስ ገመድ ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ላሜራው ሲዘል ይታያችኋል፤ ቴጭ ቴጭ የሚል ድምፅም ይሰማል። ያ ገመድ ይጣል። በዚህ ሰዓት እጃችሁን ከገመዶቹና ከሚዞረው ቺንጋ አርቁ፤ ነጠላም ይሁን የሚንጠለጠል ልብስ አይኑር።

ቀን ላይ ክዳኑን አንስታችሁ ውስጡን በባትሪ መብራት እዩት። ከአንዱ መውጫ ወደ ሌላው የተሳለ የምትመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ካለች እሳቱ በዚያ መንገድ አውጥቷል ማለት ነው፤ በጨርቅ ብትጠርጉት ይመለሳል፣ ክዳኑን ቀይሩት። መሐል ያለችው ትንሿ የካርቦን ዘንግ በስፕሪንጓ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መንቀሳቀስ አለባት። ሮተሩ መሐል ቁራጭ መቋቋሚያ አለው፤ በቴስተር 5,000 ኦም ገደማ ካላሳየ ተበላሽቷል።

ኮንታክት ፖይንቱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 0.40 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ድዌል ሜትር (ፖይንቱ ተዘግቶ የሚቆይበትን ዲግሪ የሚለካ) ያለው ሰው ከ44 እስከ 50 ዲግሪ ያግኝ። የፖይንቱ ፊት ሰማያዊ ሆኖ ከተቃጠለ ወይም በአንዱ በኩል ጉብታ በሌላው ጉድጓድ ካበጀ፣ ፖይንቱን ብቻ ቀይራችሁ አትሂዱ፤ ኮንደንሰሩም ይቀየር። ከፖይንቱ የሚወጣውን ቀጭን ሽቦ በጣታችሁ ወዘወዝ አድርጉ። ሽፋኑ ደህና መስሎ ውስጡ የተቆረጠ ሽቦ ቆሞ ሲለካ ይሠራል፣ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ይለያያል። ከሁሉ የሚያለፋው ሚስ ይህ ነው። የዲስትሪቢዩተሩ ማሳም (ከሞተሩ አካል ጋር ያለው የኤሌክትሪክ ግንኙነት) እንዲሁ።

ኮይሉን ሲቀዘቅዝም ሲግልም ለኩ። በ1 እና በ15 ቁጥር መውጫዎቹ መካከል የተለመደው ሰማያዊ ቦሽ 3 ኦም ተኩል ገደማ ያሳያል። ቀዝቃዛ ሳለ ደህና ሆኖ ሲግል ከዘለለ ይቀየር። በ15 ቁጥር ላይ ቁልፉ ሲከፈት የባትሪው 12 ቮልት መድረስ አለበት፤ በጣም ካነሰ ጥፋቱ የቁልፉ ሶኬት ወይም የዛገ ሽቦ ነው። ስትለኩ ቁልፉን ከፍታችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ ረጅም ጊዜ አትቆዩ፤ ፖይንቱ ዘግቶ ከቆመ ኮይሉ ይግላል።

ታይሚንግ ለመያዝ ማሽን አያስፈልጋችሁም። የ12 ቮልት አምፖል አንዱን ሽቦ በኮይሉ 1 ቁጥር፣ ሌላውን በማሳ ያዙ። ቁልፉን ክፈቱ፤ ሞተሩን በእጅ በሰዓት አቅጣጫ አዙሩ። አምፖሉ የሚበራበት ቅጽበት ፖይንቱ የተከፈተበት ነው። 009 ዲስትሪቢዩተር ከሆነ ይህ ከላይኛው ነጥብ 7.5 ዲግሪ ቀድሞ መሆን አለበት። ቫኩም ያላቸው ሌሎቹ ልካቸው ስለሚለያይ በዲስትሪቢዩተሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብባችሁ በዚያ ሥሩ። ታይሚንግ «ጉልበት እንዲያገኝ» ብሎ ከልኩ በላይ ማስቀደም በዚህ ሞተር ላይ ፒስተን ማቃጠል ነው።

የጀንፈል ገለባ

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ነው። ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና) የሚያመላልስ ኮምቢ በቡና መፈልፈያ አጠገብ ሞተሩ ሳይጠፋ ሲቆም ማራገቢያው ገለባውን ይስባል። ገለባው በዘይት ማቀዝቀዣውና በሲሊንደሮቹ ቀጫጭን የማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል ይጠቀጠቃል፤ ዘይት የነካው ከሆነ ደግሞ ይጋገራል። ከውጭ ምንም አይታይም። ባለመኪናው የሚያየው ዳገት ላይ ሞተሩ መንተፋተፉን ብቻ ነው። ላሜራውን አንስተን የምናወጣው ገለባ አንዳንዴ ጆንያ ሥር የተጠረገ ይመስላል። ፌስታል ተስቦ ገብቶም አግኝቻለሁ። መፈልፈያ ስትደርሱ ሞተር አጥፉ፤ በዓመት አንድ ጊዜም ከጎሚስታው በምትበደሩት የአየር ቱቦ ከላይ ወደ ታች ንፉበት።

ያለቦታው የሚገባ አየር

ባለ ሁለት ቀዳዳው 1600 ላይ፣ ከካርቡራተሩ የሚወርደው ቧንቧ ከሁለቱ ጫፎች ጋር የሚገጥመው በላስቲክ ነው። ላስቲኩ ሲያረጅ ከሥር፣ በማይታይበት በኩል ይሰነጠቃል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ውኃ በመርጫ ላስቲኮቹ ዙሪያና ካርቡራተሩ የተቀመጠበት ጓርኒሲዮን ላይ ንፉ። ድምፁ ለቅጽበት ከተለወጠ ቦታውን አግኝታችኋል። አንዳንዶች ለዚህ ቤንዚን ይረጫሉ። እባካችሁ አታድርጉት።

እሳት ካነሳን አይቀር፦ የዚህ ሞተር አካል በአብዛኛው ማግኒዚየም ነው። ማግኒዚየም አንዴ ከተቀጣጠለ ውኃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የነዳጅ ጎማ ቱቦዎች ከዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ ያልፋሉ፣ ሲያረጁም ይሰነጠቃሉ። ለሌላ ጉዳይ ኮፈኑን በከፈታችሁ ቁጥር ቱቦዎቹን አጠፍ አድርጋችሁ እዩ፣ ስንጥቅ ካለ ወዲያውኑ ቀይሩ። ወደ ካርቡራተሩ የምትገባው የናስ ቱቦ በእጅ ስትነካ የምትነቃነቅ ከሆነም መኪናው አይሂድ። የደረቅ ዱቄት ማጥፊያ ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ ይኑር፤ የሚረዳው ነዳጁ ገና ሲቀጣጠል ከደረሳችሁ ነው።

አሁን ካርቡራተር

እዚህ ከደረሳችሁና ሚሱ ካለ ካርቡራተሩን ክፈቱ። ግን መጀመሪያ ነዳጁን እዩ። በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን በብርጭቆ ቀድታችሁ አቆዩት፤ ውኃ ካለው ከታች ለይቶ ይቀመጣል። ውኃ ያለበት ሳልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) ካልተራገፈ የተጠረገ ካርቡራተር በማግስቱ ይደፈናል።

ቀጥሎ የሚኒሞ ነዳጅ መዝጊያውን፣ ካርቡራተሩ ጎን ሽቦ የገባባትን ትንሽ ሲሊንደር ሞክሩ። ቁልፉን ከፍታችሁ ሽቦዋን ነቅላችሁ ስትነኩ ቀጭ ማለት አለባት። ካላለች ሞተሩ በሚኒሞ አይቆምም፣ ሌላው ሁሉ ደህና ቢሆንም። ከዚያ የሚኒሞ ጄቱን አውጥታችሁ በአየር ንፉት፤ በሽቦ አትውጉት፣ ቀዳዳው ከሰፋ ልኩ ጠፋ። ከጥላሸቱ መብዛት የተነሳ ዋናውን ጄት በአንድ ቁጥር ማሳነስ በእኛ ከፍታ ይረዳል። ግን ወደ አዲስ አበባ የምትመላለሱ ከሆነ መንገዱ ግቤ ላይ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ወርዶ እንደገና እንደሚወጣ አስቡ። እዚያ ሙቀቱም ጭነቱም በአንድ ላይ ስለሚመጣ የሳሳ ነዳጅ አደጋ ነው፤ በጣም አታሳንሱት። በዚያው ዳገት ሞተሩ ድንገት ነዳጅ እንዳጣ ሆኖ ቢንተፋተፍ፣ የነዳጅ ፓምፑ ግሎ ቤንዚኑ እንደ እንፋሎት ሆኖበት ሊሆን ስለሚችል አቁማችሁ አብርዱት።

ምንም ካልተገኘ

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) ይለካ። ሞተሩ ሞቅ ብሎ፣ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ የነዳጁ ፔዳል ሙሉ ተረግጦ። ጤነኛ 1600 ከ7 እስከ 9 ባር ያሳያል፤ በእኛ ከፍታ ትንሽ ዝቅ ቢል አይግረማችሁ። ከአምስት በታች የወረደ ወይም ከወንድሞቹ በሁለት ባር የራቀ ሲሊንደር ታሟል። በሌላ መኪና እንደሚደረገው ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት እዚህ ብዙም አያስተማምንም፤ ሲሊንደሮቹ ጋደም ያሉ ስለሆነ ዘይቱ ከታች በኩል ብቻ ይተኛል። ከዚያ ይልቅ ሲሊንደሩን በተዘጉ ቫልቮች አቁማችሁ ከጎሚስታው ኮምፕሬሰር አየር በካንዴላው ቀዳዳ ግፉበት። ሞተሩ ሊዞር ስለሚችል ማርሽ አስገብታችሁ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፤ የፊት ጎማውንም በድንጋይ አስደግፉ። አየሩ በማርሚታ ከጮኸ የጭስ ማውጫ ቫልቭ፣ በካርቡራተር ከጮኸ የአየር ማስገቢያ ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከጮኸ ፋሻ ነው።

ከሠራችሁ በኋላ መኪናውን ወደ ጅሬን ዳገት ውሰዱት፤ ከሜዳው ይልቅ እዚያ ነው የሚለየው። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሳትጣደፉ ውጡ። ከላይ ስትደርሱ ሞተሩን በሚኒሞ ሳታቆዩ ወዲያው አጥፉ፣ ሲበርድ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ ቀለማቸውን ተመልከቱ፤ የቫልቭ ክዳኖቹ ሥር ዘይት ጠብ ብሎ እንደሆነም እዩ። የለካችሁትን የቫልቭ ክፍተት ከነቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ጋር በደብተር ጻፉት፤ በሚቀጥለው 5,000 ላይ የሚያስፈልገው እሱ ነው።